የጋሽ ሸምሱ መሸኛ

ያብስራ በበጎ ፈቃደኝነት የመጀመሪያውን ሰው የረዳው ሰኞ ጠዋት ነው። ረድቶ ሲጨርስ ሰውየው መታወቂያ አልነበራቸውም።

ሰውየው ጋሽ ሸምሰዲን ናቸው። ካዛንቺስ ግን ሙሉ ስማቸውን ጠርቶ አያውቅም፤ ጋሽ ሸምሱ ነው የሚላቸው። በልጅነታቸው ከቡታጅራ መጥተው አርባ አንድ ዓመት እዚያው ካዛንቺስ አንዲት በረንዳ ላይ ልብስ ሰፍተዋል። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ዩኒፎርም የሰፉት እሳቸው ናቸው፤ የያብስራንም ጭምር። ልክ ሲወስዱ ሁልጊዜ ሁለት ጣት ይጨምራሉ። «ያድጋል» ይላሉ። የያብስራ እናት በዚህ ስሌት ጽኑ እምነት ነበራት፤ ያብስራ ግን እስከ አራተኛ ክፍል እጁን እጅጌው ውስጥ ሲፈልግ ነው ያደገው።

ካዛንቺስ ሲፈርስ በረንዳዋም አብራ ፈረሰች። ጎተራ ኮንዶሚኒየም የምትኖረው ልጃቸው ዙለይካ ሦስተኛ ፎቅ ካለው ቤቷ አንዷን ክፍል ለቀቀችላቸው፤ የስፌት ማሽኑን ሁለት ወዛደሮች እየተሳደቡ በደረጃ አወጡት። ይኸው ስምንት ወር ሆናቸው።

አሁን ምርጫ ደርሷል። ምዝገባው አርብ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል፤ ጋሽ ሸምሱም መመዝገብ ይፈልጋሉ። ማንን እንደሚመርጡ ለማንም ነግረው አያውቁም፤ ለሟች ባለቤታቸው እንኳ። ለምን እንደሚመርጡ ግን ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገራሉ።

«ቤቴ ሲፈርስ ማንም አልጠየቀኝም። በእድሜዬ ስንት ወረቀት አይቻለሁ፤ ሁሉም ‹አምጣ› ነው የሚለው። ‹ሸምሰዲን፣ አንተስ ምን ትላለህ?› የሚለኝ ወረቀት ይሄ አንዱ ብቻ ነው። እንግዲህ ከጠየቀኝ አይቀር ልመልስለት።»

ያብስራ የበጎ ፈቃደኛ ቢጫ ሰደርያ ከለበሰ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። በማኔጅመንት ተመርቆ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጧል። «ምን እየሠራህ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲያልቅበት «ድምፄ ለሰፈሬ» የሚባል የወጣቶች ማኅበር ገባ። ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የሁለት ቀን ሥልጠና ሰጧቸው። አሠልጣኙ በፕሮጀክተር ያሳያቸው የጥቁር አሜሪካውያንን የመምረጥ መብት ትግል ነበር። ተማሪዎች በደቡቦቹ ግዛቶች በየቤቱ እየዞሩ፣ እየለመኑ፣ የፈራውን እያደፋፈሩ፣ ጥቁሩን ገበሬ እስከ መዝጋቢው ቢሮ ድረስ ይዘውት ይሄዱ ነበር። ቢሮው ውስጥ የሚጠብቀው መዝጋቢ ክፉ ነው። «አንድ ሳሙና ስንት አረፋ ይወጣዋል?» ብሎ ይጠይቃል አሉ። ያልመለሰ አይመዘገብም። የመለሰም አይመዘገብም። ተማሪዎቹ ይደበደባሉ፣ ይታሰራሉ፤ ከነሱም የተገደሉ አሉ።

ሠልጣኞቹ ሻይ እረፍት ላይ እንኳ ኬኩን ቀስ ብለው ነው የበሉት።

ያብስራ ከስላይዶቹ አንዱን በስልኩ አንስቶ አስቀረ። በሱ ዕድሜ ያለች ልጅ ናት፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ ሽማግሌን ክንዳቸውን ደግፋ ደረጃ ትወጣለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያብስራ ሁለት ሰው ሲጠብቅ ከረመ፤ አንድ ሽማግሌና አንድ ክፉ መዝጋቢ።

ሽማግሌው ሰኞ መጡ።

የምርጫ ጣቢያው ጎተራ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የተተከለ ድንኳን ነው። ያብስራና ጓደኛው ሰብሪና በር ላይ ቆመው ሰልፍ ያስይዛሉ፣ ለጠየቀ ያስረዳሉ። ጋሽ ሸምሱ ከሩቅ አዩትና መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

«ያብዬ! አንተ ነህ እንዴ ይሄን ለብሰህ የቆምከው? ማን ነው የሰፋው? ትከሻው እኮ ተጣሟል።»

«ማኅበሩ ነው የሰጠን ጋሼ።»

«ማኅበር ልብስ አይሰፋም። ተወው። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አንተ የተማርክ ነህ።» ከውስጥ ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ መታወቂያ አወጡ። «ይሄ የካዛንቺስ ነው። ካዛንቺስ ሄጄ ልመዝገብ ወይስ እዚህ?»

ከዚህ ጥያቄ በኋላ የመጣውን ሁሉ ያብስራ ሌሊት ሌሊት ሲያመላልሰው ከርሟል። «እዚያው ይሂዱ» ቢል ኖሮ በቃ፣ አበቃ። እሱ ግን በሥልጠናው የተሰጠውን መመሪያ አወጣ፤ ገጽ አሥራ አራት ላይ «መራጩ የሚመዘገበው በሚኖርበት አካባቢ ነው» ይላል። ሽማግሌው የሚኖሩት ጎተራ ነው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር ከየት ይመጣል?

«እዚህ ነው ጋሼ። ማለቴ፣ መጀመሪያ ከድሮው ወረዳ መሸኛ ያስፈልግዎታል። አብረን እንሂድ።»

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሰፈር ሲቀይር በሁለት ነገር ነው፤ በዕቃ መጫኛ መኪናና በመሸኛ። ዕቃው በአንድ ቀን ይደርሳል። መሸኛ ለማውጣት የድሮውን መታወቂያ ለድሮው ወረዳ ያስረክባሉ፤ ወረዳው ማህደር ዘግቶ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤውን ይዘው አዲሱ ወረዳ ይገባሉ። ይህን የማያውቅ የለም። ስለሚያውቀውም ነው ከካዛንቺስ የተነሣው ሰው አብዛኛው መሸኛ ያላወጣው።

የድሮው ወረዳ ራሱም ፈርሶ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቷል። እሱ መሸኛ ያውጣ አያውጣ አልታወቀም። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ጋሽ ሸምሱን ስታይ ብድግ ብላ ወንበሯን ሰጠቻቸው። ማህደራቸውን ራሷ ፈልጋ አመጣች። መታወቂያውን ተቀበለችና ጥጉን በመቀስ ቆረጠች። ጋሽ ሸምሱ መቀሱን አዩ፤ በሙያቸው ምክንያት መቀስ ሲያዩ ዝም ብለው አያልፉም።

«ደንዟል» አሏት። «አምጪልኝ፣ እስልልሻለሁ።»

ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ያብስራ ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ይዞ ከጋሽ ሸምሱ ጋር ሰልፊ ተነሣና የቡድኑ ገጽ ላይ ለጠፈው። ሠላሳ አንድ ሰው ወደደው።

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠችው መዝጋቢ ራሄል ትባላለች፤ አስተማሪ ናት። ደብዳቤውን ተቀብላ ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ እንደ ደካማ ተማሪ ፈተና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ እዚህ መቼ ገቡ?»

«ስምንት ወር ሆነኝ።»

«ደብዳቤው እንደሱ አይልም። ‹እስከ ዛሬ ድረስ የወረዳችን ነዋሪ የነበሩ› ነው የሚለው። በዚህ ወረቀት ከሄድን ካዛንቺስን የለቀቁት ዛሬ ነው። እዚህ ለመመዝገብ ደግሞ ስድስት ወር የኖሩ መሆን አለበት።»

«ዛሬማ እንዴት ይሆናል?» አለ ያብስራ። «ቤታቸው ከፈረሰ እኮ ስምንት ወሩ ነው! አንቺም ታውቂያለሽ፣ ሁሉም ያውቃል!»

«አውቃለሁ» አለች ራሄል። «እኔ አውቃለሁ። ወረቀቱ ነው የማያውቀው።»

ያብስራ ፊቷን አየው። ክፋት ፈለገበት። የደከማት ሴት ፊት ነው፤ ደግሞም አዝናለች። ለጋሽ ሸምሱ ውኃ አስመጣችላቸው።

ውጭ ሰብሪና ጠበቀችው። ነገሩን ሲነግራት አፏን በእጇ ያዘች።

«መታወቂያቸውን ሰጡ? ያብስ፣ በናትህ እየቀለድክ ነው በለኝ።»

«መመሪያው ነዋ! ገጽ አሥራ አራት…»

«አንተ ፋራ! የኔ አባት ገላን ነው የተጣለው። ቅዳሜ በአሮጌው መታወቂያ ካዛንቺስ ሄዶ ተመዘገበ፤ ሦስት ደቂቃ። ማን ጠየቀው? ስሙ መዝገብ ላይ አለ፣ መታወቂያው አለ፣ በቃ! መታወቂያ ይሰጣል እንዴ? ሰው ጥርሱን ነቅሎ ይሰጣል?»

ጋሽ ሸምሱ ከኋላቸው ቆመው ሰምተዋል። ደብዳቤውን መታወቂያው ተጠቅልሎበት በነበረው ላስቲክ ጠቀለሉት፤ ስለማይበቃው ጫፉ ወጥቶ ቀረ።

ማክሰኞ ወደ ድሮው ወረዳ ተመለሱ። ያቺው ልጅ ዛሬም ብድግ አለች፤ ዛሬም ወንበር ሰጠች።

«መሸኛውን እንመልስና መታወቂያቸውን መልሺልን» አለ ያብስራ።

«ማህደራቸው ተዘጋ እኮ። ወጥተዋል። እንደገና ለመግባት እንደማንኛውም ገቢ ነዋሪ ካሉበት ወረዳ መሸኛ ማምጣት ነው።»

«ያሉበት ወረዳ ገና አልተቀበላቸውም።»

ልጅቷ ግራ ገባት። «ታዲያ ከየት ነው የሚመለሱት?»

ስለት አልባውን መቀስ አይተው ጋሽ ሸምሱ አንገታቸውን ነቀነቁ። እስልልሻለሁ ያሉትን የረሱ አይመስሉም፤ ግን ደግመው አላነሡትም።

ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ኦሎምፒያ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። ጋሽ ሸምሱ በመስኮት እያዩ ጠየቁ።

«ያብዬ፣ አሁን እኔ የት ነኝ?»

«ኦሎምፒያ ነን ጋሼ።»

«እሱንማ አያለሁ። በወረቀቱ ማለቴ ነው።»

ያብስራ አሰበ። «በወረቀቱ… ካዛንቺስን ሰኞ ለቀዋል። ጎተራ የሚገቡት ከስድስት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ፣ ማለቴ፣ መንገድ ላይ ነዎት።»

«ስድስት ወር?» ጋሽ ሸምሱ ሳቅ አሉ። «ከቡታጅራ አዲስ አበባ በእግሬና በጭነት መኪና ስመጣ ሁለት ቀን ነው የፈጀብኝ።»

ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ፣ «ዛሬ ትራፊኩ ነው አባባ» አላቸው።

አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷል፤ እሱንም የነገረቻቸው ራሄል ራሷ ናት። ወረቀቱ ካልረዳ ሦስት ምስክር ይቆማል። ምስክሮቹ ዘመድ ሳይሆኑ፣ በዚያው ጣቢያ የተመዘገቡ፣ ሰውየው በአካባቢው ስድስት ወር መኖራቸውን የሚያውቁ መሆን አለባቸው።

ያብስራ ሲሰማ ደስ አለው። ጋሽ ሸምሱን የማያውቅ ማን አለ? ከዚያ ትዝ አለው። የሚያውቋቸው ሁሉ የካዛንቺስ ሰዎች ናቸው፤ ግማሹ ገላን፣ ግማሹ የካ፣ ግማሹ የት እንደገባ የማይታወቅ። ወሎ ሰፈር ዘመድ ቤት የተጠጋ አንድ አናጢ ነበር፤ ደውለው ሲያገኙት «እኔም ምስክር እየፈለግኩ ነው» አላቸው።

ኮንዶሚኒየም ደግሞ ሌላ አገር ነው። በአንድ ደረጃ ሃያ በር አለ፤ ሃያውም ዝግ ነው። ረቡዕ ያብስራና ሰብሪና ከላይ እስከ ታች አንኳኩ። አንዱ በር ሳይከፈት «ማነው?» አለና «ምርጫ» ሲባል ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገው። አንዷ ሴትዮ «አዎ፣ ሽማግሌ አያለሁ፤ ግን ያው ሽማግሌ ይሁኑ ሌላ ሽማግሌ በምን አውቃለሁ?» አለች። አብዛኞቹ ተከራዮች ናቸው፤ መታወቂያቸው የሌላ ወረዳ ነው። በደንብ የሚያውቃቸው የግቢው ጥበቃ ነው፤ ካሳይ ይባላል፤ የተቀደደ ካፖርቱን ጥፈውለታል። «እመሰክራለሁ!» ብሎ ዱላውን አስቀምጦ ተነሣ። የምርጫ ካርድ አውጥተሃል ወይ ሲሉት፣ «በምን መታወቂያ?» አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ በር አንኳኩተው ሳይጨርሱ ተከፈተ።

አቶ አጽብሃ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ቤታቸው በትክክል ከጋሽ ሸምሱ ክፍል ሥር ነው። «ከኔ በላይ የሚኖሩትን ልብስ ሰፊ ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቃቸው ያብስራ፤ በችኮላ ‹ከርስዎ› ሊል ‹ከኔ› ብሎ።

«ከኔ በላይ!» ጮኹ አቶ አጽብሃ። «በደንብ እንጂ! ስምንት ወር ሙሉ ያ ማሽን ከአናቴ ላይ ታ-ታ-ታ-ታ! ሠላሳ ዓመት ሞተር ስሰማ ኖሬ፣ አረፍኩ ስል ሌላ ሞተር! ከሰስኳቸው እኮ፣ ለግቢው ኮሚቴ!»

ሰብሪና ያብስራን በክርኗ ወጋችው። «በጽሑፍ ነው የከሰሷቸው አባባ?»

«በጽሑፍ ነዋ! ቀን ያለው፣ ኮሚቴው ማኅተም ያደረገበት! ሰባት ወር አልፎታል፤ መልስ የለም!»

ያብስራ ሊስማቸው ምንም አልቀረውም። ሰባት ወር ያለፈው፣ ማኅተም ያለው ወረቀት! አቶ አጽብሃ ክሱን አምጥተው፣ ዕለቱኑ ካልሲያቸውን እያስተካከሉ አብረዋቸው ወረዱ። «ያ ማሽን እንዲወጣ ነው አይደል?» አሉ በደረጃው ላይ። ሰብሪና «ጉዳዩ በጠቅላላው እንዲታይ ነው» አለቻቸው።

ራሄል ክሱን አነበበች። ፊቷ በራ፤ ከዚያ ጠፋ።

«ቀኑ ጥሩ ነው። ግን ‹ስማቸው ለጊዜው ያልታወቀ አንድ ልብስ ሰፊ› ነው የሚለው።»

«ያን ጊዜ አላውቀውማ!» አሉ አቶ አጽብሃ። «ስሙን ጠይቄ ልከሰው? ጓደኛ ልሆነው?»

ያም ሆኖ ምስክርነታቸውን ሰጡ፤ ስድስት ወር በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብለው ፈረሙ። ጋሽ ሸምሱ ተጠርተው መጥተው ከፊታቸው ቆመው ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ።

«አወክሁዎት» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«በጣም» አሉ አቶ አጽብሃ። ክሳቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ «ጠዋት ጠዋት ግን ደህና ነው» አሉ። «ያስነሣኛል።»

አንድ ተገኘ።

ሁለተኛዋ ፊት ለፊታቸው የምትኖረው ማዕዛ ናት፤ ባንክ ትሠራለች። ሐሙስ ማታ ከሥራ ስትገባ ደረጃ ላይ ጠበቋት። ቀሚሷን ሁለቴ አጥፈውላታል፤ ስማቸውንም ታውቃለች። ግን ፊርማ ሲባል ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«እኔ ባንክ ነው የምሠራው። ፊርማ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ነገ ሌላ ነገር ቢመጣስ?»

«ምን ይመጣል?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

ጋሽ ሸምሱ በሩን ከፍተው ሰሙ። «ተዋት ያብዬ። ልጅቷን አታስጨንቃት» አሉ። ማዕዛ ይህን ስትሰማ አፈረች፤ አርብ በምሳ ሰዓት እመጣለሁ አለች። አርብ በምሳ ሰዓት መጣች። ራሄልም በምሳ ሰዓት ምሳ ሄዳ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ለጁምዓ መስጊድ ሄደው ነበር። ማዕዛ ያብስራን ብቻ አግኝታ፣ ሰዓቷን አይታ፣ ተመለሰች።

አርብ ከሰዓት የምዝገባው ሲስተም ወደቀ። አሥር ሰዓት ተነሣ። አሥር ተኩል እንደገና ወደቀ። ሰው ተቆጣ፣ ተበተነ፣ ተመልሶ ተሰለፈ። ያብስራ ለማዕዛ አራት ጊዜ ደወለላት። አምስተኛው ላይ አነሣች፤ መንገድ ላይ ነኝ አለች። እውነትም አሥራ አንድ ተኩል ላይ እየሮጠች ደረሰች፤ የሥራ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ሌላ ጫማ አድርጋ። ፈረመች።

ሁለት ሆኑ። ሦስተኛ የለም።

ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነው። ሰብሪና ሰልፉ ላይ እየዞረች ላገኘችው ሁሉ «ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩትን ልብስ ሰፊ የሚያውቅ?» እያለች ትጮሃለች፤ እንደ ታክሲ ረዳት። ሰው አንገቱን ያዞራል። ራሄል እስኪርቢቶዋን ይዛ ጠበቀች። በጣም ጠበቀች፤ ከኋላ ያለው ሰልፍ ሲያጉረመርም እንኳ «አንድ ደቂቃ» እያለች።

«ሦስተኛው ምስክር?»

«እኔ ነኝ» አለ ያብስራ።

ሰደርያውን ከበላዩ አውልቆ ነበር። ራሄል አየችው። የሚያደርገው ገብቷታል። ፎርሙን ወደሱ መለስ አደረገች።

«ያውቋቸዋል?» አለች። ሳምንቱን ሙሉ አንተ ስትለው የነበረችው ሴት አሁን አንቱ አለችው።

«አውቃቸዋለሁ።»

«ከስድስት ወር በላይ?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ።»

«ነዋሪነትዎም ምዝገባዎም እዚሁ ነው?»

«አዎ። ጎተራ።»

እስኪርቢቶዋ ወረቀቱን ነካ።

«የት?» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «ማን? ይሄ ልጅ? ይሄማ የካዛንቺስ ልጅ ነው! እናቱ አሁንም እዚያው ናት፤ ያልፈረሰው በኩል። አንደኛ ክፍል ሲገባ ዩኒፎርሙን የሰፋሁት እኔ ነኝ እኮ፤ እጅጌው ሁለት ጣት የተረፈው!»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ምዝገባውን ሊታዘቡ የተቀመጡት ሁለቱ የፓርቲ ታዛቢዎችም ቀና አሉ፤ ጠዋት ከመጡ ጀምሮ ቀና ሲሉ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው።

ራሄል እስኪርቢቶዋን አነሣች።

ያብስራ ሽማግሌውን ወደ ጥግ ወሰዳቸው። ሊያለቅስ ደርሷል። «ጋሼ፣ ለምን? አንድ ቃል ነበር የቀረው! ምን ነበረበት ዝም ቢሉ?»

ጋሽ ሸምሱ ትከሻውን ያዙት፤ ልክ እንደሚወስዱ ዓይነት፣ በሁለት እጃቸው።

«የኔን በመቀስ ቆረጡት» አሉ። «ያንተን ደግሞ በአፍህ ትቆርጠዋለህ?»

በአሥራ ሁለት ሰዓት ራሄል ከመጨረሻው ስም ሥር በማስመሪያ መስመር አሰመረች። ታዛቢዎቹ ፈረሙ። ሰልፍ ላይ የቀሩት ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ ስድስቱ እየተሳደቡ ሄዱ። ጋሽ ሸምሱ ድንኳኑ በር አጠገብ ካለ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ራሄል ስትወጣ አጠገባቸው ቆመች፤ ይቅርታ ልትል ፈልጋ ለየትኛው እንደሆነ የጠፋት መሰለች። «አይዞሽ» አሏት እሳቸው። «አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ።»

ያብስራ ይህን ሲሰማ ጭራሽ ባሰበት። ሳምንቱን ሙሉ የሚጮህበት ሰው ፈልጎ አላገኘም። መታወቂያውን የቆረጠችው ወንበር ሰጥታለች። ስማቸውን ያልጻፈችው ውኃ አስመጥታለች። እነዚያ ስላይዶቹ ላይ ያሉት ልጆች ቢያንስ ማን እንደከለከላቸው ያውቁ ነበር። እሱ ግን መለስ ብሎ የነገሩን መነሻ በፈለገ ቁጥር የሚያገኘው አንድ ሰው ነው፤ ትከሻው የተጣመመ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ፣ ገጽ አሥራ አራትን የገለጠ።

የቡድኑ አስተባባሪ ኤርሚ በዚህ መሀል ደረሰ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያወራው።

«ብሮ፣ ሪፖርትህ ብቻ ነው የቀረው። ሁሉም ልኳል። በቃ ስልክህን አምጣ፣ አብረን እንጨርሰው።»

ሪፖርቱ በስልክ የሚሞላ ነው። ያገዝከውን ሰው ስም ትጽፋለህ፤ «ተመዝግቧል» ወይም «አልተመዘገበም» ትላለህ። አልተመዘገበም ካልክ ምክንያት ይመጣል፦ ዕድሜው አልደረሰም፣ ጊዜ የለውም፣ ፍላጎት የለውም፣ ሌላ። ያብስራ «ሌላ»ን ነካ። ማብራሪያ መጻፊያ ሣጥን ተከፈተ። «መታወቂያ የነበራቸው ሲሆን በበጎ ፈቃደኛው ምክር…» ብሎ ጀመረ። እዚያ ላይ ሣጥኑ ሞላ፤ ከዚያ በላይ ፊደል አልቀበል አለ።

ኤርሚ በትከሻው በኩል አነበበ። «ኧረ ያብስ! ‹ሌላ› አትንካ። ‹ሌላ› ካልክ ዋናው ቢሮ ማብራሪያ ይጠይቃል፤ ማብራሪያ ከተጠየቀ የኛ ሳይት ሪፖርት በሙሉ ይቆማል። ደግሞ ይሄ ምንድን ነው፣ ራስህን ልትከስ ነው እንዴ? ዳታ እኮ ነው፣ ንስሐ አይደለም።» ስልኩን ቀስ አድርጎ ወሰደው፤ አንድ ቦታ ነካ፤ ላከው፤ መለሰለት።

ጋሽ ሸምሱ ከወንበራቸው ሆነው አዩ።

«ስለኔ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ምን ብላችሁ ጻፋችሁ?»

ኤርሚ ጫማውን አየ። ሰብሪና ወደ ሌላ በኩል ዞረች። ያብስራ ሊዋሽ አፉን ከፈተ፤ ዛሬ አንዴ ዋሽቶ ያየውን አስታውሶ ስክሪኑን አነበበው።

«‹ፍላጎት የለውም› ይላል።»

ጋሽ ሸምሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ሰኞ መቀስ ሲያዩ፣ ማክሰኞ ታክሲ ውስጥ፣ ሐሙስ ደረጃ ላይ፣ ቅድም ጥግ ላይ እንኳ ያልተቆጡት ሰው አሁን ተቆጡ።

«ፍላጎት?» አሉ። «ፍላጎት የለውም? እኔ? ወላሂ፣ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር እኮ!»

ያብስራ «ላስተካክለው» ብሎ ስልኩን ነካካ። ከተላከ በኋላ አይከፈትም። «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ነው የሚለው።

የድንኳኑ ሠራተኞች ገመዱን መፍታት ጀምረዋል። ሸራው ወደ መሬት ወረደ፣ ታጠፈ፣ ፒክአፕ ላይ ተጫነ። ጠረጴዛዎቹ ሄዱ። ወንበሮቹን አንዱን በአንዱ ላይ እየደረደረ የሚመጣው ሠራተኛ ጋሽ ሸምሱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አባባ፣ ይቅርታ» አላቸው፤ በጣም በትሕትና። «ወንበሯ ተቆጥራ የመጣች ናት።»

ጋሽ ሸምሱ ተነሡ። ያብስራ የሚቀመጡበት ነገር ፍለጋ ዞር ዞር አለ፤ ድንጋይ፣ ሣጥን፣ የሆነ ነገር። ግቢው ባዶ ነበር።